በስልክሽ የሚናገረው ቱምቢ

ሰኒዬ፣

ትናንት ከስልክ ቁጥርሽ መልእክት ደረሰኝ። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ በሕይወት ሳለሽም ከዚያ በላይ አትጽፊልኝም ነበር። ከተለየሽኝ ሁለት ዝናብ አልፎ ሦስተኛው ገብቷል። ናይሮቢ ላይ ዕድሜ በዝናብ ይቆጠራል ያልሽኝን ይዤ ነው የምቆጥረው። የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አንቺ ካቆምሽበት ወር አልገለጥኩትም፤ ሥዕሉ ላይ ያለችው ቀጭኔም ለምዳኛለች።

የሌላ ዓለም ነገር እንዳይመስልሽ። ሲም ካርድሽን ሮቦት መሥራት ላስተማርሻቸው ልጆች የሰጠሁት እኔው ነኝ። አዲስ ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ መታወቂያ ካላቸው ልጆች ጋር ሠርተሽ አታውቂም። ስለዚህ ሲምሽ ኢምባካሲ፣ ወርክሾፕሽ ውስጥ፣ ከአንድ ትንሽ ሰርኪውት ጋር ተገጥሞ ከምሰሶው ሥር ተቀምጧል። የሚልከውን ቃል የመረጠችው ተማሪሽ አኪኒ ናት። በስዋሂሊ «ኢሜሶጌያ» ይላል፤ ፈቀቅ ብሏል ማለት ነው።

ፈቀቅ ያለው ወርክሾፕሽ ያለበት ሕንፃ ነው።

የቤቱን ልንገርሽ። ሰፈራችን ካሳራኒ ያው ካሳራኒ ነው፤ ማታቱ ታክሲው አሁንም ከመንገዱ ይልቅ ሙዚቃውን ያከብራል። እኔም አሁንም ጠዋት ጠዋት ጊጊሪ፣ የውጭ ድርጅቶቹ ቢሮ፣ ሄጄ የሌላ ሰው ሪፖርት ላይ ነጠላ ሰረዝ አስተካክላለሁ። ሶፋችን ላይ ግን ሰው መቀመጥ ትቷል፤ ሦስት የተፈቱ ፕሪንተሮች ተቀምጠውበታል። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ወርክሾፑን የከፈትሽ ሰሞን ለእኔ የሚሆን ሥራ ጠፍቶሽ እንደነበር ታስታውሺያለሽ? ብየዳ አስሞከርሽኝ፤ ጣቴን ከጠረጴዛው ጋር ልበይደው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ጎትተሽ፣ «እዚህ ተቀመጥና ንቀፍ፤ እሱን እንኳ ትችልበታለህ» አልሽኝ። ሥራዬ በዚያው ጸና። ልጆቹ የሠሩት ነገር ሁሉ እፊቴ ይቀርባል። እንከኑን እናገራለሁ። አንቺ «ደግሞስ?» ትያለሽ። ሌላ እንከን እፈልጋለሁ። «ደግሞስ?» ልጆቹ ወስደው ያስተካክላሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ፣ እኔም ቃል እስካጣ ድረስ እነቅፋለሁ። ያጣሁ ቀን ተነሥቼ «እንከን አጣሁበት» ማለት አለብኝ። ይህ ከተባለ በኋላ ዕቃው መደርደሪያ ላይ አያድርም፤ በዚያው ቀን ለተሠራለት ሰው ይሰጣል። ሕግሽ ይህ ነበር። ለውኃ ሻጯ የሠሩላትን የታንከር ማስጠንቀቂያ «ድምፁ የመጀመሪያ ባሌን ይመስላል» ብላ ብትመልሰውም፣ ሕጉን አልሻርሽም። ድምፁን ነው ያስቀየርሽው።

አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደምታስጨንቂያቸው ጠየቅሁሽ። ግማሾቹ ትምህርት ቤታቸው ያለው ኮምፒዩተር በርዕሰ መምህሩ ክፍል በጨርቅ እንደተሸፈነ የሚኖርባቸው ልጆች ናቸው። ሞተር በእጃቸው የነኩት አንቺ ጋ መጥተው አሮጌ ፕሪንተር ሲፈቱ ነው። ለምን ዝም ብለሽ አታጨበጭቢላቸውም? አልኩሽ። አንቺም «እነዚህ ልጆች የለመዱት ወይ ስድብ ወይ ጭብጨባ ነው፤ ሥራቸውን ከቁም ነገር ቆጥሮ እንከኑን የሚነግራቸው ሰው አጥተው ነው የኖሩት» አልሽኝ። በዚያች ቀን ወንበሬን ወደድኩት።

አጨብጫቢ ካንቺ በኋላም አልጠፋም። ከጊጊሪ በነጫጭ መኪና እንግዶች መጡ። ልጆቹ የሠሩት እጁን የሚያወዛውዘው ሮቦት እጁን አወዛወዘላቸው፤ እነሱም መልሰው አወዛወዙለት። ይህ ለጥቂት ጊዜ ቀጠለ። ከዚያ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ተነሡ፤ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ጀርባ አድርገው፣ ምክንያቱም ብርሃኑ በዚያ በኩል ጥሩ ነበር። አጠገባቸው ከጣሪያው የወረደውን ቱምቢ፣ ግንበኞች ግድግዳ የሚያቀኑበትን ክብደት፣ ግን ምንድን ነው ያለ የለም። አልፈርድባቸውም። ቱምቢ እጁን አያወዛውዝም። ተንጠልጥሎ ይጠብቃል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

ቱምቢውን የጀመርሽው አንቺው ነሽ። ሮቦት ከማሠራትሽ በፊት ለእያንዳንዷ ልጅ ብሎን በገመድ አንጠልጥለሽ ትሰጫለሽ፤ ቀጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ምንም አትሠሩም እያልሽ። ሂክማና አኪኒ ያን ትምህርት ከሚገባው በላይ ይዘውታል። ሂክማን ታውቂያታለሽ፤ ኢስሊ ሰፈር ካለው የአባቷ ሱቅ የተበላሸ ሬዲዮ በጉያዋ ይዛ የምትመጣው። አኪኒ ደግሞ ከወርክሾፑ በላይ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር የምትኖረው ናት። የወርክሾፑ አከራያችን በአምስቱ ፎቅ ላይ ስድስተኛውን መጨመር ሲጀምር፣ የነአኪኒ በር አልዘጋ አለ። እናቷ እርጥበት ነው አለች። አኪኒ ግን ወርዳ ቱምቢ አነሣች።

የሠሩት ነገር ቀላል ነው። ቱምቢውን ከጣሪያው አንጠልጥለው ጫፉ ላይ ማግኔት አሰሩ፤ ወለሉ ላይ ማግኔቱ ወዴት እንዳለ የሚያውቅ ሴንሰር አስቀመጡ። ጣሪያው ከወለሉ አንጻር ፈቀቅ ካለ ሴንሰሩ ያውቃል፣ በስልክ ቁጥርሽም ይጽፍልኛል። አምጥተው እፊቴ አቀረቡት።

ሰኒዬ፣ እንደዚያን ጊዜ ተግቼ ነቅፌ አላውቅም። ነፋስ ነው አልኩ፤ ሽቦውን በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ አሳለፉት። ወደ ኤርፖርት የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ናቸው አልኩ፤ ቶሎ የሚመጣውንና የሚሄደውን ንዝረት እንዳይቆጥር አደረጉት። ሙቀት ነው አልኩ፤ በሌላኛው ጥግ ሁለተኛ ቱምቢ ሰቀሉ፣ እሱም ወደዚያው ወደ መንገዱ ፈቀቅ አለ። በመጨረሻ ዕቃው ራሱ ውሸታም ነው አልኩ። ሂክማ አንድ ሌላ ሠርታ እዚህ ቤታችን ሰቀለችልኝ፤ ከቀጭኔዋ አጠገብ። ሳምንታት ጠበቅሁ፤ ንቅንቅ አላለም። ቤቴ ቀጥ ብሎ በመቆሙ የተናደድኩ ተከራይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እንከን አጣሁበት ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አላልኩም። እሑድ ልየው፣ ቅዳሜ ልየው እያልኩ አቆየሁት። ከተባለ ዕቃው ለተሠራለት ሰው መሰጠት አለበት፤ የተሠራው ደግሞ ከላያችን ለሚኖሩት ሁሉ ነው።

አከራያችን ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሌላው አከራይ ሁሉ ጫጫታ ነው፣ ስደተኛ ነው፣ ሴት ልጆች ናቸው እያለ ሲመልስሽ በሩን የከፈተልሽ እሱ ነው። ለቀብርሽ ወንበሮቹን ከመኪናው ያወረደው በገዛ እጁ ነው። ስንጥቁን ባሳየሁት ጊዜ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ ቤት እንደ ሽማግሌ ነው፣ ሲቀመጥ ይንቋቋል አለኝ። በማግሥቱ ስንጥቁን ለስኖ ክሬም ቀለም ቀባው። ቀለሙ ቆንጆ ነው። የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ፤ በትሕትና አስተናገዱኝና ዝናቡ ገብቶ ሲያባራ መጥተን እናያለን አሉኝ። ከዝናቡ በኋላ የሚታይ ነገር ይኖር እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።

ዝናቡ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ እኔን መጠበቅ ሰለቻቸው። እጁን የሚያወዛውዘውን ሮቦት አውጥተው በር ላይ አቆሙት። ሰው ከየፎቁ ወረደ፤ ሕፃን ያዘለው፣ ልብስ ሲያጥብ የነበረው፣ ሁሉም ሮቦቱን እያየ ይስቃል። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቧቸው። እኔን ወንበሬ ላይ አስቀመጡኝ፤ ቱምቢውን እፊቴ አደረጉ። ሂክማ እንዳንቺ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ደግሞስ?» አለችኝ።

ሽቦውን ከጣሪያው እስከ ማግኔቱ በዓይኔ ፈተሽኩ። «ደግሞስ?» አለች እንደገና፤ ድምፅዋ የልመና ነበር። እሷም እንደ እኔ አንዲት እንከን ትመኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ተነሥቼ እንከን አጣሁበት አልኩ። አኪኒ ወደ ስዋሂሊ መለሰችው፤ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ልጅ እንዴት አድርጋ በዚያ ረጋ ባለ ድምፅ እንደተናገረች አላውቅም። ከአምስተኛው ፎቅ አንዱ፣ «ሙዋሊሙ፣ መምህሩ፣ ገመድ ነግሮህ ነው ቤታችን የሚወድቀው?» ብሎ ሰውን አሳቀ። ገመድ አይደለም፣ ሽቦ ነው አልኩት። ምን ላድርግ፣ ማስተካከል ልማዴ ነው። የአኪኒ እናት፣ ማማ አኪኒ፣ ግን አልሳቀችም። ወደየት ነው የሚያዘነብለው? ብላ ጠየቀች። ወደ መንገዱ አሏት። ቻፓቲ ቂጣ የምትጋግርበት ቦታ በዚያ በኩል ነው። ወደ ፎቋ ወጥታ ፍራሿን በጭንቅላቷ ይዛ ወረደች።

ሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ተከተሏት። የቀሩት ቀሩ። ኪራይ ከፍለናል፣ የልጆች ትምህርት ቤት እዚህ ነው፣ የት እንሄዳለን ይላሉ። አከራያችን የሆነውን ሲሰማ አልተቆጣም። ልጆቹን «ኢንጂነሮቼ» እያለ በፈገግታ አሰናበታቸው። ምሽቱን በወርክሾፑ በር ላይ የራሱን ቁልፍ አንጠለጠለበት፤ ለእድሳት ነው አለ። በእጃችን ይዘን የወጣነው ፕሪንተሮቹን፣ መበየጃዎቹንና ሮቦቱን ነው። ሶፋው የተያዘበት ምክንያት ይኸው ነው። ወርክሾፕሽ አሁን ሳሎናችን ነው፤ ልጆቹ ሁለት ማታቱ ቀያይረው ይመጣሉ፣ ሁሉም ግን መምጣት አይችሉም። ከኢምባካሲ እዚህ ድረስ ሴት ልጅ ብቻዋን አንልክም ያሉ ወላጆች አሉ። ያንቺ በር ለእነሱ የቀረበ በር ነበር። አሁን የለም።

ቱምቢውን ግን አልነቀሉትም። አውቀው ነው የተዉት። ሂክማ፣ «ከነቀልነው ማን ይነግራቸዋል?» አለች። በተቆለፈ ክፍል ውስጥ በስምሽ ተንጠልጥሏል። ቀድሞ በሳምንት አንዴ ይጽፍልኝ ነበር፤ አሁን ከዚያ ይፈጥናል። ስድስተኛው ፎቅ ጣሪያ ወጥቶለታል። ባትሪው እስከ መቼ ይቆያል? ብዬ ሂክማን ጠየቅኳት። «ከሕንፃው የበለጠ ይቆያል» አለችኝ። እየቀለደች እንደሆነ ብዬ ፊቷን አየሁ። አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ በየፎቁ አንኳኳለሁ። የሽቦው መምህር መጣ ይሉኛል፤ ሻይ ይሰጡኛል፣ ይስቃሉ፣ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ይዘጋሉ። በራቸው አልዘጋ ማለቱን አብረን እናያለን። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። አንዲት ናት። ቢሆንም ተሸክሜላት ወረድኩ።

እዚህ ድረስ ስጽፍ ስልኩ ጮኸ። ስምሽ ወጣ፣ ቃሉም ያው። ሊረብሸኝ አይገባም፣ ለምጄዋለሁ ብዬ ወደ ደብዳቤው ስመለስ ደግሞ ጮኸ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ጮኾ አያውቅም። አኪኒ ከሶፋው ሥር ተነሥታ አሁንም እዚያው መንገድ ዳር ቻፓቲ የምትጋግረው እናቷ ጋ እየደወለች ነው፤ ከመንገዱ ራቂ፣ ወደ ላይ ተጣሪ፣ ሁሉንም ጥሪ ትላለች። ሂክማ መበየጃውን ከሶኬት ነቅላ ጫማዋን እያሰረች ነው። ዝናቡ እንደወረደ ነው።

እንግዲህ ልሂድ። ቁጥርሽን አላስዘጋም፤ ስምሽንም ከስልኬ አላጠፋም። ሲጮህ እነሣለሁ፤ በየደረጃው እያንኳኳሁ የነገርሽኝን እናገራለሁ፤ የሚስቁትንም ጭምር። አንቺን ማስታወስ ለእኔ እንደ ሥራሽ ነው፤ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም።

ነቃፊሽ