ሥጋዎ ጤነኛ ነው

ውድ አጎቴ ተይራብ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት ልጅዎ ሲትና እንደሆነች አውቃለሁ። እሷ ፊት የማፍርበት ነገር አለበት፤ ቢሆንም አንድም መስመር ሳትዘል ታንብብልዎት።

እሑድ ዕለት ወደ ሆስፒታላችን መጥታ ነበር። ግራ ዓይንዎ ማየት ካቆመ መክረሙን፣ ቀኙም እየደበዘዘ መሆኑን ነገረችኝ። የዓይን ሐኪሟ “ሞራ ነው፣ ይገፈፋል” ብትልም እርስዎ እምቢ ብለዋል አሉ። “ሥጋዬ ቢላ አይቀበልም፤ ዶክተር ሙዘሚል ራሱ ነግሮኛል ይላል” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቼ ወጣሁ፤ ያደከመኝ ግን ሥራው አይደለም።

ከሰባት ዓመት በፊት ወደ እኛ ሲመጡ፣ በጥጥ መዳመጫው ግቢ ወደ ኋላ የሚመጣ ሎሪ ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ዳሌዎን ከሰበረዎት ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነበር። የሽንት ቧንቧዎ ስለተበጠሰ ከእምብርትዎ በታች በወጣ ቱቦ ነበር የሚሸኑት። ሽንቱ የሚጠራቀምበትን ከረጢት ከጀለቢያዎ ሥር ይደብቁታል። ሽታው ሰው ይረብሻል ብለው መስጊድ መሄድ ትተው ነበር።

ያኔ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ፕሮፌሰር ባቢከር በዓመት ሁለቴ ከካርቱም እየመጡ አምስት አምስት ቀን ያስተምሩን ነበር፤ እሳቸው ሲሄዱ የተበጠሰ ቧንቧ የሚጠግን ሰው በሆስፒታሉ የለም። በዚያ ሳምንት ዐሥራ አንድ ሰው ተሠራ፤ ዐሥራ ሁለተኛው እርስዎ ነበሩ። በተራዎ ቀን ጠዋት የፕሮፌሰሩ ወንድም መሞቱ ተሰማ። መኪና ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉና ተይራብ ይቆይ፣ ስመለስ አብረን እንሠራዋለን አሉኝ። እሺ አልኩ።

ከዚያ ወደ እርስዎ መጣሁ። ከማታ ጀምሮ ጾመው፣ ተጣጥበው አልጋው ላይ ተቀምጠው ነበር።

“ፕሮፌሰሩ ናቸው የሚሠሩኝ?”

“አዎ፣ እሳቸው ናቸው” አልኩዎት።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ስድስት ወር ከሚጠብቁ ብዬ አዘንኩልዎት እንዳልል፣ ያ ብቻ አልነበረም። እችላለሁ ብዬ ነው፤ ማንም ሳያየኝ መቻል አምሮኝ ነው።

እርስዎ በማደንዘዣ ከተኙ በኋላ ቢላውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቧንቧው የተበጠሰበትን ጠባሳ በሙሉ ቆርጬ አውጥቼ፣ ጤነኛውን ከጤነኛው ጋር ሳልወጥር ማገናኘት ነበረብኝ። ደሙ ሲበዛ ፈራሁ። የደም መምጠጫው ማሽን በየመሃሉ ይቆማል፤ የምንሰጥዎት ደም የነበረን አንድ ከረጢት ብቻ ነው። ግማሹን ጠባሳ እዚያው ትቼ ሰፋሁት። ስጨርስ ነርሷ ጎበዝ አለችኝ፤ እኔም አመንኳት።

አራት ወር ያለ ቱቦ ኖሩ። ከዚያ ሽንትዎ እንደ ክር ቀጠነና ተዘጋ። ቱቦውን መልሼ ያስገባሁልዎት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ልቀይርልዎት ሲመጡ፣ የሲትና ኒካህ በታሰረበት ዕለት ከረጢቱ እንዳፈሰሰብዎት፣ እርስዎ ከመስጊዱ ደጅ ቀርተው ወንድምዎ በቦታዎ ገብቶ እንደዳራት ነገሩኝ። ሲነግሩኝ አላማረሩም።

“ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ሥጋ ይሆን?” ብቻ ነው ያሉኝ።

“አዎ” አልኩዎት። “አንዳንድ ሰው ሥጋው ቢላ አይቀበልም።”

ፕሮፌሰሩ ተመልሰው ሲከፍቱዎት የሠራሁትን አዩ። አልተቆጡም። መቀሱን ለእኔ ሰጥተው፣ እጃቸውን እጄ ላይ አድርገው፣ የተውኩትን ጠባሳ ቁራጭ በቁራጭ አስወጡኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። እጃችንን ስንታጠብ “የሰውየው ሥጋ ምንም አልሆነ። የቸኮለው እጅህ ነው” አሉኝ። እንዳይነግሩዎት ለመንኳቸው።

“እኔ አልነግረውም” አሉ። “የምትነግረው አንተ ነህ።”

ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር ይጠይቁኛል እያልኩ እሸሻቸዋለሁ። አንድ ቀንም አልጠየቁኝም። እርስዎ ደግሞ ድነው አገርዎ ሲገቡ፣ ስለኔ ደክመሃል ብለው አንድ ጆንያ ማሽላ ላኩልኝ። በላሁት። ዛሬ እኔም አራት ተማሪዎች አሉኝ፤ ለበሽተኛ እውነቱን ንገሩ እላቸዋለሁ፣ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉትም አያለሁ።

አጎቴ፣ ሥጋዎ ጤነኛ ነው። በእኔ እጅ ተበላሽቶ፣ ዳግም ተከፍቶ፣ በሦስት ሳምንት ግጥም ያለ ሥጋ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ያየሁት ብዙ አይደለም እንዲህ ያለ። በእኔ ውሸት ምክንያት በጨለማ እንዲኖሩ አልፈልግም። ይቅር ይበሉኝ ብዬም አልጽፍም፤ ያን ለመጠየቅ ዘግይቻለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ። ወደ ዓይን ሐኪሟ የምወስድዎት እኔ ነኝ። እሷ ጋ እስክንደርስ ሁለት ሰዓት መንገድ አለ፤ ልብዎ የፈለገውን ሁሉ ይናገሩኝ፣ እኔ እየሰማሁ እነዳለሁ።

የበደልኩዎት
ሙዘሚል