ፑልፒቱን ለማንም አልሰጥም

ደሬ፣ የልጅነት ባሌ፤

ከተለየኸን ይኸው ክረምቱ ለሁለተኛ ጊዜ ገባ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ካለህበት የተሻለ ቦታ እንደሌለ አንተው ራስህ ስንት ለቅሶ ቤት ሄደህ ሰብከሃል። ይህን የምጽፍልህ ላለቅስብህም አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ስናደድ ድሮም የምትሰማኝ አንተ ነበርክ፤ አሁንም ሌላ ሰው አላገኘሁም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ዋናው መንገድ ላይ ያለውን የብየዳ ቤትህን አንድ በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ተከራይቶታል። እሱም እንዳንተ መነጽር ሳያደርግ ይበይዳል፤ ባለፍኩ ቁጥር እጮህበታለሁ። ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ያው ጭቃ ነው፤ ባጃጆቹ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ በቃ ውረጂ ይላሉ። እናትህ ከኔ ጋር ናቸው። የእማማ ጉልበት ደክሟል፣ አፋቸው ግን ምንም አልሆነም። አሁንም በጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ማርያምን ይሳለማሉ። ለወጥ ቤት ብለህ የለካኸው መደርደሪያም እንደቀረ ቀርቷል፤ ድስቶቼ መሬት ላይ ናቸው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ነገሩ ከየት እንደጀመረ አንተ ታውቃለህ፤ ሌላው ሰው ግን የረሳው ስለመሰለኝ እንደገና ልጻፈው።

ጁባ የመጋዘን ጣራ ልትሠራ በሄድክ ጊዜ ልጠይቅህ መጥቼ ነበር። አንተ ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ ነህ። እኔ ደግሞ ከጦርነት የተመለሱ ሰዎች በሰፈሩበት በከተማው ዳር፣ በተከራየናት ክፍል ደጃፍ ቁጭ ብያለሁ። ሜሪ የምትባል ከሰል ሻጭ ጎረቤት ነበረችን። እኔ ቋንቋዋን አላውቅም፣ እሷም የኔን አታውቅም። ልጇን ሲያተኩሰው ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ፤ ወረፋ ስንጠብቅ እጄን ጭኜ ጸለይኩለት። በማግስቱ ሌሎች ሴቶች አስከትላ መጣች። ማንጎው ሥር ተቀምጠን እነሱ በቋንቋቸው፣ እኔ በአማርኛ እንዘምር ነበር። ያንን ዝማሬ የሰማ ሰው ይስቅብን ነበር፤ እኛ ግን ደስ ይለን ነበር። ልመለስ ሻንጣዬን ስዘጋ ሜሪ አንድ ያገራችንን ነጋዴ አስተርጓሚ አድርጋ መጣችና፣ አንቺ ስትሄጂ ማን ይሰበስበናል? ብላ ጠየቀችኝ።

ጥሪዬ ይኸው ነው። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅም ከሰማይ አልሰማሁም። አንዲት ከሰል ሻጭ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የዚያን ዕለት ከጣራ ወርደህ ስነግርህ እጅህን እንኳ ሳትታጠብ ቁጭ አልክና፣ እንግዲያውስ ተመልሰን መጥተን ቤተ ክርስቲያን እንተክላለን አልክ። ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ ደሬ። ቀድመህ እሺ ያልከው አንተ ነህ።

አገር ቤት ስንመለስ ለምንተክለው ቤተ ክርስቲያን ፑልፒት፣ የሰባኪ አትሮንስ፣ መሥራት ጀመርክ። ከቱቦላሬ ብረትና ከላሜራ፣ ብሎኑ ሲፈታ ተጣጥፎ ሸራ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ፑልፒት። ቤተ ክርስቲያን ሁሉ አወራለት። የሽኝታችን ቀን ከተቆረጠ በኋላ ጉበትህ ታመመ፤ ለሽኝት የተነገረው ሕዝብ ለቀብር መጣ። ቦርሳው እንደታሰረ እማማ አልጋ ሥር ገባ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ጋሽ መኮንን ሌሎቹን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ መጡ። ወገኔ ሆነው ነው የመጡት፤ አልዋሽባቸውም። አስከሬንህን ያጠቡ፣ ስንት ቀን ከደጃችን ያልጠፉ ሰው ናቸው። ግን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጥሪው የባልሽ ነበር። አንቺ ተከትለሽው የምትሄጂ ነበርሽ። አሁን አንድ ጎበዝ ወንጌላዊ ከነሚስቱ ልንልክ ነው። ፑልፒቱን ለሱ ስጪው፤ ለደረጀም መታሰቢያ ይሆናል።»

ስለ ሜሪ ነገርኳቸው። ሐዘንሽ ነው የሚያናግርሽ አሉኝ። ሐዘኔን ከጥሪዬ ለይቼ እንደማውቅ ነገርኳቸው። ያኔ ያቺን ተረት ጣል አደረጉ፦ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ።»

«ወንዱ ሞቷል ጋሼ። ታዲያ አሁን በማን ይለቅ?» አልኩ። ጋሽ መኮንን ቦርሳው እንዲወጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

ቦርሳውን ሊሸከሙ አብረው የመጡት ሁለት ወጣቶች ወደ እማማ ክፍል ሲገቡ እናትህ አልጋቸው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ጉልበቴ ተይዟል፣ አልነሣም አሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ጉሊት ድረስ ሄደው ሽንኩርት ገዝተው የተመለሱ ሰው ናቸው! እንደግፍዎ ሲሏቸው፣ «የሴት አልጋ ሥር እየገባ የሚፈትሽ ምን ዓይነት ሃይማኖት ነው?» ብለው ጮኹ። ልጆቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ወጡ። አንተ ጴንጤ ሆንክ ብለው ስንት ጊዜ አኩርፈውህ የኖሩ እናትህ ፑልፒትህን እንዲያ አድርገው ጠበቁት። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው፣ የልጄ እጅ ሥራ ነው አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ለመቅረት እኔን ሰበብ እንዳታደርጊ። ቃሊቲ የምትኖር ሴት ልጅ አለችኝ፤ እሷ ጋ እሆናለሁ» አሉ።

ሌላው ረዳቴ ጎረቤታችን ባለሱቁ ሸምሱ ነው። ከስልጤ መጥቶ እዚህ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ጁባ ስንት ዓመት ነግዷል፤ የጁባን አረብኛ የሚያስተምረኝ እሱ ነው። ስኳር እየመዘነ «ኢታ ኬፍ?» ይለኛል፤ እንዴት ነሽ ማለት ነው። በትክክል ካልመለስኩ ስኳሩን አይለቅም። ለምን እንደምሄድ አሳምሮ ያውቃል። «በሃይማኖቱ አንስማማም፤ ግን ጎረቤቴ ሰው አገር ሄዳ ዲዳ ስትሆን አልወድም» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ቦርሳውን ግቢ አውጥቼ ፈታሁት። ፑልፒቱን ቆሞ አይቼው አላውቅም ነበር። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩና ፊቱ ቆምኩ። ክርኔ ልክ ጫፉ ላይ አረፈ። መጽሐፍ ቅዱሴን ዘረጋሁ፤ ማጎንበስም መንጠራራትም አላስፈለገኝም። አንተ የበራችን መቃን ግንባርህን ስንቴ እንዳቆሰለው አስታወስኩ። ላንተ ሆድህ ጋ ነው የሚደርሰው፤ ለማንበብ መታጠፍ ነበረብህ። አንተ ደግሞ በሜትርህ ተሳስተህ አታውቅም።

ያኔ ያ ቅዳሜ መጣብኝ። ምሳህን ብየዳ ቤት ሳመጣልህ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ክንድሽንም እጠፊ አልከኝና ከመሬት እስከ ክርኔ ለካኸኝ። ምን ልትሠራልኝ ነው ስልህ የወጥ ቤት መደርደሪያ አልከኝ።

አንተ ውሸታም። እዚያው ግቢ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳያልቅ አለቀስኩ። እማማ በመስኮት ያዩኛል።

ይህን ለጋሽ መኮንን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ምናልባት እሺ ይሉ ይሆናል፤ ባሏ ፈቅዶላታል ብለው። እኔ በዚያ በር መግባት አልፈልግም። ሜሪ የጠየቀችው ባሌን ሳይሆን እኔን ነው። መስቀል እንዳለፈ እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከሸኘኝ እሰየው። ባይሸኘኝም እማማና ሸምሱ ድልድዩ ድረስ ይሸኙኛል። ወንጌላዊውም ከነሚስቱ ይምጣ፤ ማንጎው ሥር ቦታ አለ። ፑልፒቱን ግን አልሰጥም።

እንዳልረሳህ ቃል እገባልሃለሁ፤ ቀላል ቃል ነው። ብሎኖቹን ባጠበቅኩ ቁጥር፣ ክርኔን ባሳረፍኩ ቁጥር ትመጣብኛለህ። ስላልጠፋህብኝ አመሰግንሃለሁ። ግን ይህንንም እወቅልኝ፦ ለራስህ ቁመት ሠርተኸው ሄደህ ቢሆን ኖሮም አልቀርም ነበር። የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ እቆምበት ነበር።

ሚስትህ አስቴር