አራት ጊዜ ጠርቼው

ማክሰኞ፣ መስከረም 15 ቀን 2005 ዓ.ም.
ፍኖተ ሰላም

ተመስገን፣ ኔትወርኩ መጣ። የቢሯችን ኢንተርኔት መጥፋቱን ያየነው ቅዳሜ ነው። እኔም የኮምፒውተር ባለሙያው ደረቴን ነፍቼ ለኃላፊው «ችግሩ ከላይ ነው፤ እኛ ጋ ምንም የለም» ብየው ነበር።

ዛሬ ጠዋት አያ ምትኩ የልጃቸውን የዩኒቨርሲቲ ምደባ ለማወቅ ከማንኩሳ በእግራቸው መጡ። እንዲሁ ልመልሳቸው አፈርሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ከፈትሁና ፒንግ ብየ ጻፍሁ። አራት ጊዜ ጥሪ ላከ፤ ላንዱም መልስ የለም።

«ምን እያረግህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ማዶ ያለውን ማሽን እየጠራሁት ነው። ከሰማኝ አቤት ይላል።»

«አራት ጊዜ ተጠርቶ አቤት ያላለ ወይ ተኝቷል ወይ ተቀይሟል። እዚህ ተቀምጠህ ከምትጣራ ሄደህ አታየውም?»

እሳቸው ደግሞ ስለ ኔትወርክ ምን ያውቃሉ ብየ እየተነጫነጭሁ ተነሳሁ። ጥሪው የሚያልፍበት፣ ከኋላ ክፍል ያለው የኔትወርክ ሳጥን መብራቱ ጠፍቷል፤ ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ለካ ዓርብ ከሰዓት ነጎድጓዱ ሲያይል፣ እናቴ ቤት እንዳስለመደችኝ፣ የነቀልሁት እኔው ነኝ!

ሰካሁት። ተመልሼ ፒንግ ስል አራት መልስ ተከታትሎ መጣ። እፎይ! ወዲያው የልጅቱን ምደባ አገኘሁላቸው፤ ጎንደር ደርሷታል።

አያ ምትኩ መርቀውኝ ሲያበቁ «ለመሆኑ ምን ሆኖ ኖሯል?» አሉኝ።

«ተኝቶ ነበር» አልኋቸው፣ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዙሬ።

ዱላቸውን አነሱና ሳቅ አሉ። «እንኳን ነቃህ» ብለውኝ ወጡ።

ነቃህ ነው ያሉት። ነቃ አላሉም።