ጋቢዬን ይዛ ስለሮጠችው ሚስቴ

ሰኞ

ከባድ ዜና ነው፤ ቆማችሁ ስሙ። በዚህ ቤት መንግሥት ወድቋል። ሚስቴ አንጓች ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ወጥ ታቀርብና ፊቷን ታዞራለች። ውሻውን ግን «ውሃ ጠጣህ ወይ?» ትለዋለች።

ጥፋቴን ልጻፍ። ዓርብ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ «ጣሊያን መጣ! ውጪ!» ብዬ ጮህኩ። ለጨዋታ ነበር። ዶሮዎቹን ትታ፣ እህሉን ትታ፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የኔን ጋቢ ብቻ ታቅፋ ወጣች። ወንዙ ዳር እሾሃም ቀጋ ውስጥ ገብታ ተደበቀች። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እስክትመለስም ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ፦ «ሚስቴ ንብረት አዳነች፤ አንድ ጋቢ!»

ማክሰኞ

ተናገረች! «እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ በዚያው ወደ አምበር ሄጄ አባቴ ቤት እገባለሁ» አለች።

ልቀልድ ነበር። ፊቷን አይቼ ተውኩት። ጓዟን አስራለች።

ሮጬ የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ፣ እንዳትሄድ ይገዝቱልኝ» ብላቸው «የሚገዘተውስ ያንተ አፍ ነበር» አሉኝ።

ረቡዕ

አባ መጡ። ፊት ለፊት አስቀመጡንና ቀኖና ሰጡኝ። ስግደት መስሎኝ ጉልበቴን ሳሽ፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«እሷ ስትናገር ዝም ትላለህ። ስትጨርስ ያለችውን መልሰህ ትነግራታለህ። ልክ ነው እስክትልህ ከራስህ አንዲት ቃል አትጨምርም።»

እኔ! ዳዊት እንኳ ደግሜ ሳልጨርስ ትምህርት ያቋረጥኩት! መቶ ስግደት ይሻለኝ ነበር።

አንጓች ጀመረች። «ጋቢህን የያዝኩት ጫካ ብናድር እንዳይበርድህ ብዬ ነው።»

«ጋቢዬን የያዝሽው… ጫካ ብናድር…» እዚህ ላይ ደርሼ እንደገና ጀመርኩ። አባ በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ ጠበቁኝ። በሦስተኛው ሙከራ ጨረስኩት።

«ልክ ነው» አለች። ቀጠለች፦ «የእውነት ሲመጡ ብትጠራኝ አላምንህም። እየጠራኸኝ ቁጭ ብዬ እሞታለሁ።»

ይህንን ስደግም በአፌ ቀልድ የሚባል አልነበረም።

ሐሙስ

አንድ ነገር አሰብኩ። «አንጓች ብዬ ስጠራሽ ልቀልድ እችላለሁ፤ አመሌ ነው። በክርስትና ስምሽ ከጠራሁሽ ግን እውነት ነው» አልኳት። ያን ስም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ማንም አይጠራትም።

ጓዟ እንደታሰረ ነው።

ዓርብ

ዛሬም አልተፈታም። ውሻው ውሃ ጠጥቷል።

ቅዳሜ

ጠዋት ከደብረ ማርቆስ በኩል የጣሊያን አይሮፕላን መጣ። የእውነት! «ወለተ ማርያም!» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ስሙን ሳልጨርስ አጠገቤ ደረሰች፤ ጋቢውን ይዛለች። ቀጋው ሥር አንዱን ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ተኛን። አይሮፕላኑ ወደ ደምበጫ አለፈ፤ ምንም አልጣለም፤ ተመስገን።

እሾህ ከፀጉሯ ስለቅም «ወለተ ማርያም ነው ያልከኝ፤ ልክ ነኝ?» አለችኝ፤ ልክ እንደ አባ ድምፅዋን አወፍራ።

«ልክ ነሽ» አልኳት። ሳቀች። ከሳምንት በኋላ!

እሑድ

አምበር የሄደ የለም። ጓዟ ተፈትቷል። እግዜር ለአባ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፦ መንግሥትም አልወደቀ። ነገሩ ሁሉ ቀጋው ሁለት ቦታ የቀደደው ጋቢ ነው። ዛሬ ሰንበት ስለሆነ ነገ ትሰፋዋለች።

መርፌዋን ካገኘችው ነው። ደብቄዋለሁ።