ብሎኬት መኪና አይሸከምም

አማቼ፣

ጠዋት ስወጣ መኪናዬ ብሎኬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የጭስ ማውጫዋን ልታስር ብለህ ክሪኩን በዘይት ቋቷ ሥር ሰክተህ ቋቱን አጎድጉደኸዋል። ግቢው ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፤ የዝናብ ውሃ እንኳ የሚያውቀውን ቁልቁለት አንተ አላየኸውም?

አውርጃታለሁ። እስክመለስ አትንካት።

አልሰማም ካልክ ግን ከዕቃ ቤቱ ፊት፣ ደልዳላው ላይ አቁማት። የእጅ ፍሬኗን ያዝ፤ ማርሽ አስገባ፤ የማይነሱትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አግዳቸው። ክሪኩ የሚገባው በበሩ ሥር ባለው ጠንካራ ጠርዝ፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው። ከፍ ስትል የብረት መደገፊያዎቹን አስገባና ነቅንቃት። ንቅንቅ ካላለች ብቻ ከሥሯ ግባ። ብሎኬት ሲፈረካከስ አያስጠነቅቅም።

«ክሪኩ ይዟት የለም እንዴ፣ ምን ያንጫጫሃል?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ክሪክ ያነሳል እንጂ ተሸክሞ አይቆይም።

እህቴ፣ «አንተ እራት ላይ ‹ብሎን ከሚስማር አይለይም› ብለህ ስለሳቅህበት ነው ከመኪናዋ ሥር የገባው» ትላለች።
እሱን ስመለስ እንነጋገራለን።
ወይም አንነጋገርም።

ከሠርጋችሁ ቀን ጀምሮ አልወደድኩህም፤ ታውቀዋለህ። ግን በእህቴ ሆድ ያለው ልጅ አድጎ «አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» እንዲለኝ አልፈልግም። የምነግረው ደግ ነገር ገና አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ ጽፌም አላመንኩህም፤ የክሪኩን እጀታ ይዤው ሄጃለሁ። ማታ የሥራ ልብስ ለብሰህ ጠብቀኝ፣ አብረን እናነሳታለን።

የራስህን ልብስ። የእኔን አይደለም።