ላፕቶፑ አዲስ ከመሆኑ በፊት

ሐረር፣ ኅዳር 12

ለወንድምዬ ለሚልኪያስ፦

ይህች ወረቀት ከሙሉ ጤና ጋር ታግኝህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ የታመመው እማዬ ፊትህን እያየች የምታወራህበት ላፕቶፕ ብቻ ነው። ቫይረስ ቢጫወትበት ፈረስ መጋላ ኮምፒውተር ጠጋኙ ኤልሳዕ ጋ ወሰድነው።

«ፎርማት ተደርጎ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫናል፤ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የምትፈልጉትን አሁኑኑ በፍላሽ ላውጣላችሁ» አለን።

እኔ የሠርጌን ፎቶ ልል አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ፤ «መጀመሪያ ሚልክዬ ለፋሲካ የላከውን ድምፅ!» ያው «ዶሮውን ያለ እኔ እንዳትጨርሱት» ያልክበትን። በሦስት ፍላሽ አስገለበጠችው እኮ!

ኤልሳዕ ሣቀና «እትዬ ጽጌሬዳ፣ ይቺ አሥር ሴኮንድ ናት። ከዚያ ወዲህ የላከው ካለ ልፈልግልዎት?» አላት።

«እሷው ትበቃለች። ይልቅ ሚልክዬ ሲደውል የሚጮኸው የጥሪው ድምፅ እንደ ድሮው ይሁንልኝ» አለችው።

ትናንት ቤት አምጥቶ ገጠመልንና ጥሪውን ሞከረው። እማዬ ልብስ ከምታጥብበት በእጇ ሙሉ አረፋ ይዛ እየሮጠች ገባች!

«ሙከራ ነው፣ እትዬ» አላት።

እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና «ይሁን፣ ደህና ይጮኻል» አለች።

የሠርጌን ፎቶ ግን ረስተነው ጠፋ፤ ስትመጣ እንደገና እንነሣለን። እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። ላፕቶፑን ማንም እንዳይዘጋው ብላለች።

እህትህ ሥርጉት