ለሚያስለቅስ ፊልም ሲሟገቱ የኖሩት የአቶ ጀይላን እንድሪስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጀይላን እንድሪስ ከአባታቸው ከሼህ እንድሪስ ሙሀመድኑር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሻ ሰልማን በ1955 ዓ.ም. በጨፋ ሮቢት ተወለዱ። ቁርአንን በአባታቸው ዘንድ እየቀሩ ተምረዋል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በከሚሴ ተከታትለዋል። አባታቸው እህል ነጋዴ እንዲሆኑ ፈልገው ስለነበር ለጥቂት ዓመታት ከባቲ ገበያ ማሽላ እየጫኑ ሠርተዋል። የማሽላው ንግድ ግን ልባቸውን አልያዘውም።

በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኡሚ ሙሐመድ ጋር ኒካህ አስረው ሦስት ልጆች አፈሩ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ከሚሴ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ የቆርቆሮ ቤት ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። የውጭ ፊልም ሲያሳዩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ይተረጉሙ ነበር። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ፊልሙን ያቆማሉ፤ ከተመልካቹ ጋር ሰግደው ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

የድብድብ ፊልም ለእንጀራ ሲሉ ያሳዩ ነበር እንጂ አይወዱትም። የሚወዱት እናት ልጇን የምታጣበትን፣ ወንድም ወንድሙን ሳያውቀው አልፎት የሚሄድበትን ፊልም ነበር። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ የሚያፏጭ ከተገኘ የከፈለውን መልሰው ከቤት ያስወጡታል። «ወላሂ እዚህ ቤት ማፏጨት የለም፤ ሰው እያለቀሰ ነው» ይሉ ነበር።

ተማርኩ የሚለው የከተማችን ሰው ቤታቸውን «የአልቃሻ ቤት» ብሎ ስም አወጣለት። እኔ የእህታቸው ልጅ ኢርፋን በዚያ ቤት በር ላይ ትኬት እየቆረጥኩ ስላደግሁ፣ ቀን ሲሳለቅ ውሎ አመሻሽ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ከኋላው አግዳሚ የሚንሰቀሰቀውን ሁሉ አውቀዋለሁ። አንዳንዶቹ ዛሬም እዚህ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ስም አልጠራም፤ አጎቴም ጠርተው አያውቁም።

በ2011 ዓ.ም. ሳቢራ አቡበከር የምትባል የባቲ ልጅ፣ ሰርግ በምትቀርጽበት ካሜራ «ልጆቹስ፣ ከብቱስ?» የተባለ ፊልም ሠራች። አንዲት ሴት የእህቷ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር በረሃ ላይ መሞቱን ሰምታ መርዶ ልትነግር ትሄዳለች። እህትየዋ በደስታ ትቀበላታለች። መርዶ ነጋሪዋ «አካም ቡልተኒ? እንዴት አደራችሁ? ልጆቹስ? ከብቱስ ነጋያ፣ ደህና ነው? ዝናቡስ እንዴት ያዛችሁ?» እያለች ትጠይቃለች፤ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሞቱን የምትናገርበት አፍ ስላጣች ሰላምታው አያልቅም። በመጨረሻ እህትየዋ የያዘችውን ጣሳ አስቀምጣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ትጭናለች። በፊልሙ ውስጥ «ሞተ» የሚል ሰው የለም።

አቶ ጀይላን ፊልሙ በከሚሴ አዳራሽ እንዲታይ አደረጉ። ከተመልካቾቹ መካከል ልጃቸውን በዚያው መንገድ ያጡ እናቶች ነበሩ።

ከአዲስ አበባ በሬድዮ ፊልም የሚተች አንድ ሰው ግን በሳምንቱ ሳቢራን ሲያብጠለጥላት ዋለ። ስሙን በአጎቴ የሕይወት ታሪክ ላይ አላሰፍርም። «ሰላምታ እንኳ መቁረጥ ያቃታት» አላት። ተዋናይዋ ኦሮምኛ የምትቀላቅለው አማርኛ ስለማትችል ነው አለ። ሁለቱ ቋንቋዎች እኛ ዘንድ በአንድ አፍ እንደሚኖሩ ሳያውቅ እኛን ሊያርም ተነሣ። ሲጠቀልለውም «የአልቃሻ ፊልም» ብሎ ሳቀ። ልጇን በረሃ ያስቀረች እናት ላይ እንዲያ ዘና ብሎ መሳቅ! ዛሬም ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ያስጠላኛል።

ሰውዬው በዚያው ዓመት ለውይይት ተጋብዞ ከሚሴ መጣ። አቶ ጀይላን ተነሥተው፣ «አንተ ልጅ፣ መርዶ ተሸክመህ ታውቃለህ? የእኛ ሰው ሞት ይዞ ሲመጣ ከብቱን የሚጠይቀው ከብቱ አሳስቦት መሰለህ? ያ ሰላምታ እኮ ለቅሶው ነው!» አሉት። እሱም «አባባ፣ ስሜት ጥበብ አይደለም» ብሎ መለሰ። አዳራሹ ሳቀ። እሱስ እንግዳ ነው፤ አያውቅም እንበል። እንግዳውን ደስ እንዲለው ጥርሱን የሚገልጥ የገዛ አገራችን ሰው ግን ከዚያ የባሰ ያስጠላል። ሳቢራ ከፊት ወንበር ተነሥታ ወጣች፤ በወሩ ካሜራዋን ሸጣ ባቲ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከፈተች።

ከዚያ በኋላ አቶ ጀይላን በዓለማዊ ጉዳይ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራቸው፤ ሳቢራ ሁለተኛ ፊልም እንድትሠራ። ሰኞ ሰኞ በሚኒባስ ወደ ባቲ ገበያ እየሄዱ ከሱቋ በር ላይ ይቀመጡና «ሁለተኛው መቼ ነው?» ይሏታል። እሷም ጨርቅ እየለካች «ኢንሻአላህ፣ አባባ ጀይላን» ትላቸዋለች። ቤተሰቡ ለእሳቸው ጤና ሰግቶ እንዲተዉት ቢለምናቸውም አልተዉትም። በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው መንገድ ሲከለከሉ በስልክ ይጠይቋት ጀመር። መልሷ አልተለወጠም።

አቶ ጀይላን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዕለቱ በጨፋ ሮቢት ተፈጽሟል። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኡሚን፣ ልጆቻቸውን ሰልማንን፣ ጀነትንና ሪድዋንን፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። የጓጉለትን ሁለተኛ ፊልም ግን አላዩም። አልተሠራም።

ያ ተቺ ከቀብሩ ማግስት የሐዘን መግለጫ ልኳል። አቶ ጀይላንን «የአገር ፊልም ጠበቃ» ይላቸዋል። የሳቢራን ፊልም «ሳይዘመርለት የቀረ» ይለዋል፤ በማን ምክንያት እንደቀረ ግን አይናገርም። ስለዚያ ሰላምታም አዳራሹን ያሳቀበትን የአጎቴን ቃል፣ «ሰላምታው ለቅሶው ነው» የሚለውን፣ የራሱ አድርጎ ጽፎታል። ከለቅሶው አስተባባሪዎች አንዳንዶቹ «ታዋቂ ሰው ነው፣ በዚህ ጽሑፍ የጀርባ ገጽ ይውጣ» ብለውኝ ነበር። አላወጣሁትም። አጎቴ ለራሳቸው ምስጋና ጠይቀው አያውቁም፤ አሁን ደግሞ አይሰሙም። ሳቢራ ግን በሕይወት አለች፤ እዚሁ ከሴቶቹ ድንኳን ተቀምጣለች፤ ስልኳም ይሠራል።

ያ ረብ፣ በሰው እንባ ያልሳቁትን ባሪያህን ማራቸው። ቀብራቸውን አስፋላቸው፤ ጀነትን ወፍቃቸው። አሚን።